ወራጅ አለ?

ጎሐ ጽዮን ኬላ ላይ ሰው መመዘን ከተጀመረ ዓመታት ስላለፉ ማንም አያፍርበትም። በሚያዝያ 2071፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኤልዳና ከአባቷ ጋር ስትደርስ ሰልፉ የድሮውን ነዳጅ ማደያ ፍርስራሽ አልፎ ሄዶ ነበር። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ኪሳቸውን አራግፈው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ሴቶች የአንገት ሐብላቸውን ተመዝነው ለወረዱ ባሎቻቸው ያቀብላሉ፤ ጠባቂዎቹም እንዳላየ ያልፏቸዋል። አንዲት እናት የልጇን ዳይፐር እዚያው ቀይራ የረጠበውን ቅርጫት ውስጥ ስትጥል ከኋላዋ የቆሙት ጥሩ አሰብሽ በሚል ዓይን አዩዋት። ቁርስ በልቶ የመጣ ሰው አልነበረም።

የዓባይ ሸለቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጭስ ነጻ ክልል ነው። ኬላውን ያለፈ መኪና የቤንዚን ሞተሩ ይቆለፋል፤ ማዶ ደጀን ኬላ ላይ እስኪወጣ ድረስም አይከፈትም። በመሃል ያለውን ቁልቁለትና ዳገት በባትሪ ብቻ ነው የሚጓዙት። ገንዘብ ያለው በትልቅ ባትሪ ወርዶ ይወጣል። ሌላው ሰው ይመዘናል።

የኤልዳና ሥራ ይህን ሌላውን ሰው የሚመለከት ነበር። አቃቂ ካሉት የመኪና መገጣጠሚያዎች በአንዱ ውስጥ “እፎይታ” የተባለችውን የቤተሰብ መኪና ጉልበት የምትቀምረው እሷ ናት። ምን ያህል ባትሪ፣ ምን ያህል ቤንዚን፣ መቼ አንዱ መቼ ሌላው እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ነበረች። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። ባትሪውን ስታተልቀው ዋጋው ባንክ ከሚያበድረው ጣሪያ ያልፋል። ስታሳንሰው ቤንዚኑ ብዙ ይነድድና ጭሱ ሕጉ ከፈቀደው ይበልጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንደተጣበቀች ኖረች። መጨረሻ ላይ መውጫ የሰጣት ቁልቁለቱ ነው። መኪናዋ ወደ ዓባይ ስትወርድ ባትሪዋን እየሞላች ትወርዳለች፤ በዚያው በሞላችው ዳገቱን ትወጣለች። ስለዚህ ትልቅ ባትሪ አያስፈልጋትም። ኮምፒውተሩ ጉዞውን ደጋግሞ ሞክሮ ሁልጊዜ “ደርሷል” ይል ነበር። ዋጋውም ከጣሪያው በታች፣ ጭሱም ከተፈቀደው በታች ሆነ። የቀረው የኤልዳና ፊርማ ነበር፤ እሱም ለሰኞ ተቀጥሯል።

ከመፈረሟ በፊት ግን ራሷ ተቀምጣባት መሄድ ፈለገች። አባቷ አቶ ይርዳው ደግሞ ደጀን ያሉትን የታመሙ እህታቸውን ለማየት ከገና ጀምሮ ሲወተውቱ ነበር። የሙከራ ሾፌሩን አንዋርን ጨምረው ሦስት ሆነው ወጡ።

“ሁለት መቶ አራት ኪሎ፤ ያልፋል” አለ ጠባቂው። ቀጥሎ የውሃ ኮዳቸውን አንስቶ አየና ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰው። “ለሦስት ሰው ይኼ ይበቃል።”

አቶ ይርዳው ውሃው አፈር ውስጥ ሲሰርግ አዩ። ወጣት ሳሉ በዚህ መንገድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። አሁን ሳንባቸው ግማሹ አይሠራም፤ ሐኪሞቹ የናፍጣ ጭስ ነው ብለዋቸዋል። ስለዚህ የሸለቆውን ሕግ ሲያማርር የሰሙትን ሁሉ ይቆጣሉ። “ጭሱ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁ” ይላሉ።

ቁልቁለቱ ጥሩ ነበር። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። አቶ ይርዳው እያንዳንዱን ኩርባ በድሮ ስሙ እየጠሩ፣ እዚህ ጋ ፍሬን እንቢ አለኝ፣ እዚህ ጋ ዝንጀሮ መስተዋቴን ነቅሎ ሄደ እያሉ ያወጉ ነበር። ኤልዳና የባትሪውን መስመር ከፍ እያለ ሲሄድ ታያለች። ልክ በኮምፒውተሩ ላይ እንዳየችው ነበር የሚሄደው። ለአንዋር ፈገግ አለችለት።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ግን ከፊታቸው የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ነበር። አንዱ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ሙቀቱ ከአርባ በላይ ነው። አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ መስመሩ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየወረደ ቁጭ አሉ።

“ኢንጂነር፣ ስሌቱ ላይ ድልድዩ ጋ ስንት ደቂቃ ነበር ያቆማችሁን?” አለ አንዋር።

“አራት።”

አንዋር ሰዓቱን አየ። ከቆሙ አንድ ሰዓት ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀረው።

ዳገቱን እንደጀመሩ አየር ማቀዝቀዣው ራሱን አጠፋ። ኤልዳና የአባቷን መስኮት ልትከፍት ቁልፉን ብትጫን አልከፈት አለ። የተከፈተ መስኮት ንፋስ ያስገባል፤ ንፋስ ጉልበት ይበላል። ይህን መመሪያ የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ ስትጽፈው ቢሮዋ ውስጥ ሹራብ ለብሳ እንደነበር ትዝ አላት። አቶ ይርዳው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ። ትንፋሻቸው ይፉጭ ጀመር።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁለት ጃንጥላዎች ታዩ። ከሥራቸው ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ከድንጋይ ድጋፍ ጥላ ሥር አምስት የሚሆኑ ሽማግሌዎች። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ብቻቸውን፣ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ተክለው፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በዓይናቸው እየተከተሉ።

“አውቶቡስ ነው የሚጠብቁት?” አሉ አቶ ይርዳው።

“አይደለም አባባ” አለ አንዋር፤ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም። “ወራጆች ናቸው። ባትሪ ያነሰው ሰው አውርዶ ይወጣል። ሾፌሩ አይወርድ። ሕፃን አይወርድ፤ እናትየዋም ከሕፃኑ አትለይ። እንግዲህ…” አልጨረሰውም።

ኤልዳና ስለ ወራጆች ሰምታ ነበር። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ችግር ይመስላት ነበር። አሁን በየኩርባው እያየቻቸው ሳለ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያም ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ከፊት ለፊታቸው ወጣ።

“ወራጅ አለ?”

የድምፅ ክፍሉ ልጆች የታክሲ አባባል ደንበኛ አያስከፋም ብለው የመረጡት ነው። ኤልዳና ሲቀረጽ ሰምታው ስቃለች። ለምን እንደሚያገለግል ግን አልጠየቀችም ነበር። ማሳያው ላይ የሦስት መቀመጫዎች ሥዕል ወጣ፤ ከኋላ ያለው፣ አባቷ የተቀመጡበት፣ ቢጫ ሆኖ ብልጭ ይላል። ከሥሩ “ጭነት ማቃለል” የሚል ጽሑፍ አለ።

እነዚህን ሁለት ቃላት ታውቃቸዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ የተሞከሩት ጉዞዎች ሥር ሁሉ ነበሩ። ጭነት ተቃልሏል፤ ደርሷል። ጭነት ተቃልሏል፤ ደርሷል። ሻንጣ መስሏት ነበር። ኮምፒውተሩን “መኪናዋን በትንሹ ወጪ አድርስልኝ” ብላ ስታዘው ክብደቱን እንዳትነካ ብላ አልከለከለችውም።

መኪናዋ ኩርባው ላይ ከመንገዱ ወጣ ብላ ቆመች። አንዋር ፔዳሉን ቢረግጥም አልተንቀሳቀሰችም። “ወራጅ አለ?” አለች እንደገና፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ኤልዳና ለአለቃዋ ለኢንጂነር ጥላዬ ደወለች። “ሞተሩን አስከፍቱልኝ። አባቴ አብሮኝ ነው፣ መተንፈስ እያቃተው ነው።”

“ቁልፉ በእኛ እጅ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ” አለ ጥላዬ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። “እንዲህ ያለው ነገር እንዲታይ አይደል የሙከራ ጉዞ የሚኬደው? ለጥቂት ጊዜ አንድ ሰው ይውረድና…”

በሩ ሲከፈት ሰማች። ዘወር ስትል አባቷ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርሰዋል።

“አባዬ! ተመለስ፣ አትውረድ!”

“ልጄ፣ ቀላል ነገር አታካብጂ። እዚህ ኩርባ ላይ ስንቴ አድሬበታለሁ።” በሩን ይዘው ቆሙ። ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር። “ሄዳችሁ እህቴን አይታችሁ ተመለሱ።”

ክብደታቸው ከመቀመጫው እንደተነሳ ቢጫው ጠፋ። “እናመሰግናለን” አለች መኪናዋ፤ መንቀሳቀስም ጀመረች። አንዋር ፍሬን ሲይዝ ኤልዳና ዘላ ወረደች።

“ሂድ!” አለችው። “ኬላው ላይ ሰው ንገር። ኦክስጅን፣ ውሃ፣ ያገኘኸውን ላክ!”

አንዋር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መኪናዋ ግን ሁለት ሰው ስለቀለላት ከፍ ባለ ፍጥነት ይዛው ወጣች።

ኩርባው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ በእንጨት ተወጥሮ ሰባት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተጠልለውበታል። ተጠጋግተው ለአባቷ ቦታ ለቀቁ። እማማ ፈትለወርቅ የተባሉ፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ የጠመጠሙ ሴትዮ፣ ከአንዲት ጠርሙስ በክዳን ቀድተው ሰጧቸው። አቀዳዳቸው ውሃ ተቆጥሮ የሚጠጣበት ቦታ እንደሆነ ያስታውቃል። አቶ ይርዳው ውጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ቆይታችኋል?” አለች ኤልዳና።

“እኔ ዛሬ ነኝ” አሉ እማማ ፈትለወርቅ። “ለሠርግ ነው የምንሄደው፣ የልጅ ልጄ ሠርግ ነው። ሲመለሱ ይወስዱኛል። እሳቸው ከረቡዕ ጀምሮ ናቸው።” ከጎናቸው ወደ ተቀመጡት፣ ጋሽ ሙሉዓለም ወደሚባሉት ረጅም ሽማግሌ ጠቆሙ።

“ልጄ ሥራ በዝቶበት ይሆናል” አሉ ጋሽ ሙሉዓለም።

ከላስቲኩ ጠርዝ፣ ድንጋዩ ሥር፣ ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢና አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። የተቀሩት ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የተቀመጡት።

“ይኼስ የማን ነው?”

እማማ ፈትለወርቅ የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አድርገው ዘጉ።

ስልኳ ጮኸ። ጥላዬ ነው።

“እንኳን ደስ አለሽ! አንዋር ኬላውን አልፏል፣ ጉዞው ‘ደርሷል’ ተብሎ ተመዝግቧል። በእውነተኛ ሙቀት፣ በእውነተኛ መጨናነቅ! ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ ከየት ይመጣል?”

“አባቴ መንገድ ላይ ወድቋል። አምቡላንስ ላኩ።”

“ኬላውን ጠይቄያለሁ። በሸለቆው ውስጥ ማውረድ እንጂ መጫን አይፈቀድም። ያልተመዘነ ሰው የጫነ መኪና ይቆለፋል፤ አምቡላንሱም ቢሆን። ፈቃድ እየተጠየቀ ነው… ሰኞ እንነጋገርበታለን፣ እሺ?”

ስልኩን ዘጋች። ፀሐይዋ ወደ ደጀን አፋፍ ዘንበል ብላለች። መኪኖች አንድ በአንድ ሽው እያሉ ያልፋሉ፤ ተሳፋሪዎቹ ወደ ኩርባው ላለማየት ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። አንዲት ቀይ መኪና ስትቆም ኤልዳና እጇን እያውለበለበች ሮጠች። የኋላው በር ተከፈተ፤ ዓይነ ስውር አዛውንት በሁለት እጅ ተደግፈው ወረዱ። በሩ ተዘጋ። የሾፌሩን ፊት ልታይ ብትሞክርም መኪናዋ ሄዳለች።

“እዚህ ጋ ነው?” አሉ አዛውንቱ፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው።

እየመራች አምጥታ ከአባቷ ጎን አስቀመጠቻቸው። ጋሽ ሙሉዓለም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም።

“አንቺ ልጅ እግር ነሽ። አንቺን ምን ብለው አወረዱሽ?”

“ማንም አላወረደኝም። የመኪናዋ መሐንዲስ ነኝ። እኔ ነኝ የሠራኋት።”

ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። ጋሽ ሙሉዓለም ግን ጎንበስ ብለው ቀረቧት፤ ድምፃቸው ሌላው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል ዝቅ ያለ ነበር።

“እንግዲያው ታውቂያለሽ። ይመለሳሉ?”

ኤልዳና ታውቃለች። ከደጀን የሚመለስ መኪና በእነዚህ ሰዎች አጠገብ ቁልቁል ያልፋል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከጫነ የማዶውን ዳገት አይወጣም። ሊጭን ቢቆም እንኳ ይቆለፋል። ልጆቻቸው ሲያወርዷቸው ይህን አያውቁም ነበር፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። አባቷን አየች። ዓይናቸውን ገልጠው እያዳመጡ ነበር።

“አይመለሱም” አለች። “ቢፈልጉም አይችሉም።”

እማማ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ አቶ ይርዳው በክርናቸው ተደግፈው ለመነሳት ሲሞክሩ ታዩ።

“ታዲያ ምን እንሠራለን እዚህ?” አሉ በተቆራረጠ ትንፋሽ። “ሳይጨልም እንሂዳ።”

ሁሉም ተነሱ። ጋሽ ሙሉዓለም የዓይነ ስውሩን እጅ ያዙ። ኤልዳና የአባቷን ክንድ በትከሻዋ ላይ አደረገች። የመንገዱ ዳር ገደል ስለሆነ በአስፋልቱ መሃል ነበር የሚሄዱት። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይራመዳሉ። የላይኛው ኩርባ ላይ የነበሩት ሲያዩዋቸው ምንም ሳይጠይቁ ተነስተው ተቀላቀሉ።

ከኋላቸው የመጣው የመጀመሪያው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ሁለተኛውም ነፋ። ማለፊያ አልነበረም። በዚያ ዳገት በሰው እርምጃ የሚጎተት መኪና ባትሪው እንደ በረዶ ነው የሚቀልጠው። ኤልዳና ዘወር ባለች ቁጥር ሰልፉ ረዝሞ ታየዋለች። ከዚያ ጡሩምባዎቹ መቀነስ ጀመሩ። አንዱ መኪና ቆመ፤ ሌላው ከኋላው፤ ሌላውም። በሮች ተከፍተው ሰዎች በሙቀቱ ውስጥ ወጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ሊመሽ ሲል ባልታሰበ ቦታ የተገኘ ሰው ፊት ነበር፤ ፍርሃት ብቻ።

አቶ ይርዳው ጉልበታቸው የከዳቸው እዚያ ነው። ምንም ሳይናገሩ ከትከሻዋ ላይ ተንሸራተው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያም በጎናቸው ተጋደሙ። ኤልዳና ጮኸች። ማንን እንደምትጠራ ራሷም አላወቀችም። ከቆሙት መኪኖች አንድ ወጣት ሮጦ መጥቶ አቀፋቸው። ከዚያ ሁለት ሆነው፣ ሦስት ሆነው ተሸከሟቸው።

ሸለቆው እስከ ድልድዩ ድረስ ተዘጋ። ሕፃናት የጫኑ፣ ውሃ የጨረሱ መኪኖች ነበሩበት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባለሥልጣኖቹ ሌላ መላ ስላጡ ቁልፉን ለሁለት ሰዓት ከፈቱት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞተሮች በአንዴ ተነሱ። ልጆች እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተው ስለማያውቁ ጆሯቸውን ይዘው አለቀሱ። ጭሱ ከገደሉ ሥር እንደ ጉም ተነሳ። ኤልዳና የአባቷን አፍና አፍንጫ በሻሿ ሸፍና፣ ባትሪውን ሳይሆን ቤንዚኑን እያቃጠለ በሚጮኽ የማታውቀው ሰው መኪና ደጀን ደረሰች። አቶ ይርዳው ጤና ጣቢያ ገብተው ኦክስጅን ተደረገላቸው። እሑድ ማታ እህታቸው ተደግፈው መጥተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በሕይወት አሉ። የቀረችው ግማሽ ሳንባቸው ግን ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን እንደማታዘልቃቸው ሐኪሙ ነገራት።

ሰኞ ጠዋት ኤልዳና በአቅራቢያው ካለ ከተማ በአውሮፕላን ተመልሳ፣ የቅዳሜውን ጫማ እንዳደረገች ስብሰባው ላይ ተገኘች። የመኪናዋ ባትሪ ይተልቅ፣ አለበለዚያ አልፈርምም አለች። ጥላዬ አልተቆጣም። ከተለቀ ዋጋው ጣሪያውን እንደሚያልፍ፣ ካለፈ ደግሞ ባንክ እንደማያበድር፣ ካላበደረ ማንም እንደማይገዛ በትዕግሥት አስረዳት። ሁሉንም ታውቀዋለች። ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ከፊቷ አንስቶ አጠገቧ ወደተቀመጠው ወጣት መሐንዲስ ገፋው። ልጁ ናሆም ይባላል፤ ዓመት ሙሉ አብሯት ሠርቷል። ሳያያት ፈረመ።

“የቅዳሜው ችግር መደገም የለበትም” አለ ጥላዬ። “ከሸለቆው አስተዳደር ጋር ተነጋግረን መፍትሔ አግኝተናል። ከባትሪ ጋር ሲተያይ ወጪው ምንም ማለት አይደለም።”

ግድግዳው ላይ ሥዕል በራ። የደጀን ዳገት ነበር፤ በየኩርባው፣ በአስፋልቱና በወራጆቹ ማረፊያ መካከል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር ተስሏል። ከአጥሩ ወዲያ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፣ የውሃ ቧንቧ አለ። ወራጁ የሚገባበት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር የብረት በርም አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ውሃ መታሰቡ ጥሩ ነው አለ አንዱ።

ኤልዳና ተነስታ ወደ ግድግዳው ቀረበች። ሥዕሉን ከኩርባ ኩርባ በጣቷ ተከተለችው።

“መውጫው የት ጋ ነው?” አለች።

ሥዕሉን ያዘጋጀው ሰው ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰው፤ ወደ ግራ አንቀሳቀሰው፤ አቅርቦ አየው። ከዚያ ጥላዬን ቀና ብሎ ተመለከተ።

“መውጫ…” አለ። “መውጫ አልተባልንም እኮ።”